የትሮትል ቦዲና የሚኒሞ ማስተካከያ ሥራ በጅማ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ሚኒሞ መርገጫ ሳይነካ ሞተሩ የሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር ነው። በጅማ ጋራዦች «የሚኒሞ ሥራ» ሲባል ትሮትል ቦዲ (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚመጥነውን ክፍል) ማጠብም፣ የሚኒሞ ቫልቭ መቀየርም ሆነ ማለፍ፣ የራዲያተር ውሃ ቱቦ ማዛወርም፣ አልፎ አልፎም የትሮትል ቦዲውን የአየር ቀዳዳ በቶርኖ ማስፋት ይጨምራል። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ያለውን መኪና ማቆየት ግድ ስለሆነ ሥራው ይበልጥ ተፈላጊ ሆኗል።

ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። እዚህ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳሩ 81 ከመቶ ያህል ብቻ ነው። ሚኒሞ ላይ ያለ ሞተር ግን ላለመጥፋት የሚፈልገው የአየር ክብደት እምብዛም አይቀንስም። ስለዚህ ያንኑ አየር ለማግኘት የሚኒሞው መተላለፊያ ከባሕር ዳሩ ከአንድ አምስተኛ በላይ ሰፍቶ መከፈት አለበት። ቫልቩ ገና ንጹሕ ሳለ ጉልበቱን በከፊል ጨርሷል ማለት ነው፤ ጥቂት ጥላሸት ሲጨመርበት ሞተሩ የትራፊክ መብራት ላይ መጥፋት ይጀምራል። በበጋ የሰቃና የጌራ መንገድ አቧራ ፊልትሮውን አልፎ ከሞተሩ የዘይት ጭስ ጋር ሲገናኝ የሚሠራው ጥቁር ቅባት የታወቀ ነው።

የካርቡሬተር ዘመን

በካርቡሬተር መኪና ሥራው ሁለት ቪቴ (ማስተካከያ ብሎን) ነበር፤ አንዱ ለዙር፣ አንዱ ለአየርና ቤንዚን ቅይጥ። የጅማ ነባር መካኒኮች በጆሮ ብቻ ያስተካክሉ ነበር፤ ጥሩም ያስተካክሉ ነበር።

ባለገመድ ትሮትል

በሰፊው የሚታወቀው ይህ፣ መርገጫው ትሮትሉን በገመድ የሚስብበት ዓይነት ነው። ኮሮላ ባለ 5ኤ-ኤፍኢ ሞተርና የመጀመሪያው ትውልድ ቪትዝ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። በብዙዎቹ ቶዮታዎች የሚኒሞ ቫልቩ ከትሮትል ቦዲው ሥር ተጣብቆ በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር ነው። ባለሦስት ሽቦ ከሆነ መካከለኛው 12 ቮልት ይቀበላል። ባለሁለት ጥቅልል በሆነው ዓይነት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ከመካከለኛው ወደ እያንዳንዱ ዳር ሲለካ ከ17 እስከ 25 ኦም ገደማ መገኘት አለበት። በአንዱ በኩል ምንም ካልተነበበ ጥቅልሉ ተበጥሷልና ማጠብ አያድነውም።

ቫልቩን የያዙት አራት ቪቴዎች ብዙ ጊዜ ጠንክረው ይቀመጣሉ። በተራ ካቻቢቴ የታገለ ራሳቸውን ያበላሻል፤ በመዶሻ እየተመታ የሚዞር ካቻቢቴ ያስፈልጋል። ከተፈታ በኋላ የብረቱ ክፍል በካርቡሬተር ማጽጃና በለስላሳ ብሩሽ ይታጠባል። ኤሌክትሪክ ያለበት ጎን ግን አይነከርም። ጓርኒሲዮኑ (በመጋጠሚያው መካከል ያለው ማሸጊያ) ከተሰበረ በሲሊኮን ማለፍ አያዋጣም፤ ትርፉ ወደ አየር መንገዱ ገብቶ ያንኑ ቫልቭ ይይዘዋል።

የመመርመሪያ ሳጥን ባላቸው ቶዮታዎች ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ሲሠራ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉት ቀዳዳዎች በሽቦ ይገናኛሉ። ዙሩ ለአምስት ሰኮንድ ያህል ወደ 1,000 እና ከዚያም በላይ ወጥቶ ከተመለሰ ቫልቩ ይሠራል። ምንም ለውጥ ከሌለ ወይ ቫልቩ ደርቋል፣ ወይ ሽቦው ተቋርጧል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አቋራጭ አለ። የሞተ ቫልቭ ይነቀልና በተርፍላይ የሚባለው፣ የአየር ቀዳዳውን የሚዘጋው ሳህን የሚያርፍበት ቪቴ ይጠብቃል፤ ሳህኑ በትንሹ ተከፍቶ ይቀራል። ሞተሩ ሲሞቅ ደህና ይመስላል። ጠዋት ግን ሲነሣ ይጠፋል፣ ኤሲ ሲከፈት ይንቀጠቀጣል። ከዚህ የሚብሰው በሳህኑ ዘንግ ላይ ያለው ሴንሰር «ተዘግቷል» ማለቱን መተዉ ነው። ኮምፒውተሩ ቁልቁለት ላይ ቤንዚን አይቆርጥም፤ ወደ ግቤ በረሃ የሚወርድ መኪና ያለጥቅም ያቃጥላል። ቪቴው የግድ ከተነካ ሴንሰሩም ላልቶ እንደገና መስተካከል አለበት። በመዘጋት ላይ የሚሰጠው ቮልት ብዙ ጊዜ ከ0.3 እስከ 0.8 ነው፤ ትክክለኛውን የመኪናው ማኑዋል ይናገራል።

በትሮትል ቦዲው የሚያልፈውን የራዲያተር ውሃ ቱቦ ማዛወር አከራካሪ ነው። የሚያዛውሩት ቀዝቃዛ አየር ለጉልበት ይጠቅማል ይላሉ፤ ይጠቅም ይሆናል፣ በሚኒሞ ግን አይታይም። በውሃ ሙቀት የሚሠራ የሰም ቫልቭ ባለው ሞተር ላይ ግን ክርክር የለም፦ ሰሙ ካልሞቀ አይዘጋም፣ ዙሩም 1,500 ላይ ተሰቅሎ ይቀራል።

ቀዳዳ ማስፋት

የጅማ ቶርኖ ቤቶች ቡና መፈልፈያ ዘንግ ሳይቀር የሚያቀኑ ናቸው፤ አሉሚኒየም መሞረድ አያቅታቸውም። ጥያቄው ትርፉ ነው። ከ50 ሚሊ ሜትር ወደ 54 ማስፋት ስፋቱን 17 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። ይሁንና 1,300 ሲሲ ሞተር በደቂቃ 6,000 ዙር ሲሽከረከር ቢበዛ 3,900 ሊትር አየር ይስባል። ይህም በ45 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ውስጥ በሰኮንድ 41 ሜትር ያህል ፍጥነት ነው፤ የሚያንቅ አይደለም። በከፍታ የጠፋው ጉልበት የጠፋው አየሩ ስለሳሳ እንጂ ቀዳዳው ስለጠበበ አይደለም። የሚገኘው ስሜት መርገጫው ትንሽ ሲነካ ብዙ አየር መግባቱ ብቻ ነው። ሳህኑም አዲስ መሠራት አለበት። በማዕዘን ስለሚዘጋ ፍጹም ክብ ሳይሆን ሞላላ ነው፤ ክብ አድርገው የቆረጡት ወይ ይነክሳል ወይ አየር ያስገባል፣ ሚኒሞውም አይወርድም።

ኤሌክትሮኒክ ትሮትል

በፈረንጆች 2005 ከወጣው ሁለተኛው ትውልድ ቪትዝ ጀምሮ ገመዱም የተለየው የሚኒሞ ቫልቭም የለም፤ ሳህኑን ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ያንቀሳቅሰዋል። ቁልፍ ተከፍቶ ሳለ በጣት አይገፋም፣ ጥርሱ ይሰበራል። ጠርዙ ላይ ያለው ጥቁር ቅብ የፋብሪካ ስለሆነ በብርጭቆ ወረቀት አይፋቅም።

ከታጠበ በኋላ ሚኒሞው ከፍ ካለ ኮምፒውተሩ የቆሸሸውን ጊዜ ስለሚያስታውስ ነው። በቶዮታ የባትሪው ኔጌቲቭ ለጥቂት ደቂቃ ተነቅሎ ይመለሳል፤ ከዚያ ሞተሩ መርገጫ ሳይነካ አሥር ደቂቃ ያህል ይሠራል። በብዙ ኒሳን ይህ አይበቃም፤ ኮምፒውተሩ ሚኒሞውን እንደገና እንዲማር ሌላ ሥርዓት አለ። ሞተሩ ሞቆ፣ መብራትና ኤሲ ጠፍተው ቁልፍ ይከፈታል፤ ከሦስት ሰኮንድ በኋላ መርገጫው በአምስት ሰኮንድ ውስጥ አምስት ጊዜ እስከ ጥግ ይረገጣል። ሰባት ሰኮንድ ይጠበቅና እንደገና እስከ ጥግ ተረግጦ ይያዛል። ቼክ ኢንጂን መብራቱ ብልጭ ማለት ጀምሮ፣ ቆይቶም ሳይቋረጥ ሲበራ በሦስት ሰኮንድ ውስጥ ይለቀቅና ሞተሩ ይነሣል። ደጋግሞ እምቢ ካለ የሚመረመረው የፍሬን ሰርቮው ቱቦና የዘይት ጭስ ቱቦው ነው፤ አየር የሚያስገባ ሞተር ይህን ትምህርት አይቀበልም።