ሞኒተሪንግ ምንድን ነው? በሙዚቃ ላይ ድምፅ ሲቀረጽ የራስን ድምፅ መስማት

ድምፃዊ ማይክ ፊት ቆሞ ሲዘፍን በሄድፎኑ ሁለት ነገር ይሰማል፤ አስቀድሞ የተቀነባበረውን ሙዚቃና በዚያው ቅጽበት ከራሱ አፍ የሚወጣውን ድምፅ። ይህ ሁለተኛው በስቱዲዮ ሰዎች ዘንድ ሞኒተሪንግ ይባላል። የሚሰማበት መስመርና የሚቀረጽበት መስመር ለየቅል ናቸው። የሄድፎኑን ድምፅ ብትጨምሩ፣ ሪቨርብ (የአዳራሽ ዓይነት ማስተጋባት) ብታክሉበት ወይም ጨርሶ ብትዘጉት ፋይሉ ላይ የሚገባው ድምፅ አይነካም። ሁለቱንም አንድ ላይ የሚለውጠው የማይኩ ጌይን (የሚገባው ድምፅ መጠን ማስተካከያ) ብቻ ነው፤ ስለዚህ ዘፋኙ «አይሰማኝም» ሲል ጌይን አይነካም።

ብዙ ጊዜ ችግር የሚነሳው ከመዘግየት ነው፤ በተለምዶ ሌተንሲ የሚባለው። ድምፁ ከማይክ ወደ ሳውንድ ካርድ (ማይክና ሄድፎን ተሰክተውበት ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ) ይገባል፣ ወደ ኮምፒውተር ያልፋል፣ ሶፍትዌሩ ከሙዚቃው ጋር ቀላቅሎ ወደ ሄድፎን ይመልሰዋል። ኮምፒውተር ይህን የሚሠራው ድምፁን በጥቅል በጥቅል እየተቀበለ ነው። የጥቅሉ መጠን ባፈር ይባላል። በሰከንድ 44,100 ናሙና (የድምፁ ቅጽበታዊ ልኬት) በሚወሰድበት ቀረጻ 512 ናሙና የሚይዝ ባፈር 11.6 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል፤ ለመግቢያና ለመውጫ ሲታሰብ ከ23 ያልፋል። ባፈሩ 1024 ከሆነ ከ46 በላይ ነው። ወደ 128 ሲወርድ 6 ገደማ ይሆናል፤ በዚህ ላይ ሳውንድ ካርዱ ራሱ የሚጨምረው ጥቂት አለ።

ድምፅ በአንድ ሚሊ ሰከንድ በአየር ላይ 34 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል። ጊታር ተጫዋች ከአምፑ (ከድምፅ ማጉያው) ሦስት ሜትር ርቆ ሲቆም ድምፁን የሚሰማው 9 ሚሊ ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው፤ አይከፋውም። ዘፋኝ ግን እንደዚያ አይደለም። የራሱ ድምፅ በራስ ቅሉ አጥንት በኩል ወዲያው ጆሮው ይደርሳል። በሄድፎን የሚመጣው ቅጂ ጥቂት እንኳ ከዘገየ ሁለቱ ተደርበው አንዳንዱን የድምፅ ክፍል ያጠፋፋሉ፤ ድምፁ ባዶ በርሜል ውስጥ ያለ ይመስላል። መዘግየቱ ሲጨምር ምት ይጠፋል። በብሉቱዝ ሄድፎን መቅረጽ የማይቻለውም ለዚህ ነው፤ መዘግየቱ ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊ ሰከንድ ይበልጣል፤ ወደ 200 ሲጠጋ ደግሞ ተራ ንግግር እንኳ ያንተባትባል። ባለ ገመድ ይሁን።

መፍትሔው ዳይሬክት ሞኒተር ነው። አብዛኞቹ ሳውንድ ካርዶች በዚህ ስም የተጻፈ ማብሪያ ወይም የሚዞር ቁልፍ አላቸው። ሲበራ የማይኩ ድምፅ ኮምፒውተር ሳይደርስ ከሳውንድ ካርዱ በቀጥታ ወደ ሄድፎን ይሄዳል። እዚህ ላይ ተደጋግሞ የሚታየው ስሕተት ዳይሬክቱን አብርቶ በሶፍትዌሩ ውስጥ ያለውን ሞኒተር አለመዝጋት ነው። ያኔ ድምፁ ሁለት ይሆናል፤ አንዱ ወዲያው፣ ሌላው ዘግይቶ። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ይብራ። ሁለት መግቢያ ባለው ካርድ ድምፃችሁ በአንድ ጆሮ ብቻ ከመጣም ዳይሬክቱ ስቴሪዮ ላይ ሆኖ ይሆናል፤ ሞኖ ላይ አድርጉት።

ዳይሬክት ደረቅ (ምንም ያልተጨመረበት) ነው፤ ሪቨርብ የለመደ ዘማሪ ወይም ዘፋኝ አይወደውም። ለዚህ ብቻ የሶፍትዌሩንም ሞኒተር አብሩና የድምፁን ትራክ ወደ ሪቨርብ ቻናል በፕሪ ፌደር (የትራኩ ፌደር፣ ማለትም የድምፅ መጠን ማንሸራተቻው፣ ሳይነካው) ላኩት፣ ሪቨርቡን 100 በመቶ ዌት አድርጉ (ዋናው ድምፅ ሳይቀላቀል ማስተጋባቱ ብቻ ይውጣ)፣ የትራኩን ፌደር ደግሞ እስከ ታች አውርዱ፤ ያኔ ድምፁ ሁለት አይሆንም። የዘገየው ሪቨርቡ ብቻ ስለሚሆን ጆሮ አይረበሽም፤ ፋይሉም ደረቅ ሆኖ ይቀረጻል። ሳውንድ ካርድ የሌለው ሰው ደግሞ የሶፍትዌሩን ሞኒተር ዘግቶ አንዱን ጆሮ ገለጥ አድርጎ ቢዘፍን ይሻለዋል። ከጆሮው ያነሳውን የሄድፎን ስፒከር ግን ጭንቅላቱ ላይ ይጫነው፤ ካልሆነ ሙዚቃው ወደ ማይክ ይፈሳል።

ሙዚቃው ከድምፁ ጋር ያለው ሚዛን የሚገባውን ትኩረት አያገኝም። የራሱ ድምፅ ያነሰበት ዘፋኝ ይጮሃል፤ የበዛበት ደግሞ ይሸማቀቃል፣ የሐረጉን መጨረሻ ይውጣል። የእኛ ሙዚቃ ላይ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ። ማሲንቆ፣ ዋሽንት ወይም ኪቦርድ ዘፋኙን ተከትሎ ያንኑ ዜማ ይጫወታል። ይህ በሄድፎን ጎልቶ ከመጣ ዘፋኙ የራሱን ቃና ከመሣሪያው መለየት ይቸግረዋል፤ ቅላፄውንም መሣሪያው ወደሄደበት ይጎትተዋል። ስለዚህ ከአቀናባሪው አንድ የተጠናቀቀ ፋይል ብቻ ሳይሆን ዜማ ተከታዩ መሣሪያ ለብቻው የወጣበትን ትራክ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ በቀረጻ ጊዜ እሱን ዝቅ አድርጎ ቤዝ፣ ከበሮና ኮርዱን መተው ይቻላል።

ሄድፎኑ ጀርባው የተዘጋ ዓይነት ይሁን። ክፍት የሆነው ለሚክስ ጥሩ ነው፤ ለቀረጻ ግን ሙዚቃውን ወደ ማይክ ያፈሳል። መጀመሪያ ላይ ትንሽ የሚመስለው ፍሰት በኋላ ኮምፕረሰር (ጎላ ያለውንና ዝቅ ያለውን ድምፅ የሚያቀራርብ) ሲገባ አብሮ ይጎላል፤ ቅንብሩ ተቀይሮ አሮጌው ከበሮ ከድምፁ ሥር ሲሰማ ደግሞ መድኃኒት የለውም። ከመጀመሪያው ቀረጻ በኋላ የድምፁን ትራክ ብቻ ሶሎ አድርጉና ዘፋኙ ዝም ያለባቸውን ቦታዎች ስሙ፤ ምት የሚሰማ ከሆነ ሁለተኛውን ከመቅረጻችሁ በፊት የሄድፎኑን ድምፅ ቀንሱ።