«ሐኪሙ ካለ አለቀ»፦ ስለ ምርመራ ስህተትና ስለ ሁለተኛ ሐኪም ያሉ የተሳሳቱ አመለካከቶች

ሐኪም የበሽታውን ስም ሲነግረን ብዙዎቻችን ነገሩ እዚያ ላይ የተቋጨ ይመስለናል። መድኃኒቱን ተቀብለን እንወጣለን። ሳይሻለን ሲቀር እንኳ «ምናልባት በሽታው ሌላ ይሆን?» ብለን ለመጠየቅ እንፈራለን። መጠየቅ ግን ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ፣ የምህንድስና እና የሕክምና አካዳሚዎች ባወጡት ሰፊ ሪፖርት አብዛኛው ሰው በሕይወት ዘመኑ ቢያንስ አንድ የምርመራ ስህተት እንደሚገጥመው ደምድመዋል። ስህተት ያሉት በሽታውን በሌላ ስም መጥራትን ብቻ አይደለም። እውነተኛው በሽታ ዘግይቶ ከታወቀ ስህተት ነው። ታውቆ ለታካሚው በሚገባው መንገድ ካልተነገረውም ስህተት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. የ2024ቱን የዓለም የታካሚዎች ደኅንነት ቀን ለዚሁ ለምርመራ ጉዳይ ሰጥቶታል።

ይህን የምጽፈው ሰው ሐኪሙን በጥርጣሬ ዓይን እንዲያይ አይደለም። በሐኪምና በታካሚ መካከል ያለ መተማመን ትልቅ ነገር ነው። ግን ማመንና ዝም ማለት አንድ አይደሉም። ዝም የሚያሰኙን ደግሞ በአብዛኛው ሳናጣራ የያዝናቸው አመለካከቶች ናቸው።

«የሚሳሳተው ሰነፍ ሐኪም ነው»

ይህን የሚያምን ሰው የሐኪሙን ጉብዝና ካረጋገጠ በኋላ ሌላ ምንም አይጠይቅም። ነገር ግን ጎበዝ ሐኪምም ይሳሳታል።

አንደኛ፣ በሽታዎች ይመሳሰላሉ፤ በጊዜ ሂደትም መልካቸውን ይቀይራሉ። ትርፍ አንጀት ሲጀምር ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚሰማው እምብርት አካባቢ ነው። ወደ ታችኛው የቀኝ ሆድ የሚወርደው ከሰዓታት በኋላ ነው። ጠዋት የታየ ሰው «ጨጓራ ነው» ተብሎ ሊመለስ ይችላል። ያው ሰው ማታ ቢታይ ምልክቱ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በመካከሉ የተለወጠው በሽታው እንጂ የሐኪሙ ችሎታ አይደለም። ሃርት አታክ የምንለው ድንገተኛ የልብ ሕመምም እንዲሁ ነው። ደረትን ጨምድዶ የሚይዝ ሕመም የታወቀው ምልክቱ ነው። በተለይ በሴቶች ላይ ግን የትንፋሽ ማጠር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጀርባ ወይም የመንጋጋ ሕመም፣ ያልተለመደ ድካም ጎልቶ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ በቀላሉ «ጭንቀት ነው» ተብሎ ይታለፋል።

ሁለተኛው ምክንያት የሰው አእምሮ አሠራር ነው። መጀመሪያ የመጣልን ሐሳብ ይይዘናል። ከዚያ በኋላ የምንሰማውን ሁሉ ከእሱ ጋር ልናስማማው እንሞክራለን። ሐኪምም ሰው ነውና ከዚህ አያመልጥም። ይባስ ብሎ አንድ ጊዜ ካርድ ላይ የተጻፈ የበሽታ ስም ከሐኪም ወደ ሐኪም ይተላለፋል። ካርዱ ላይ «ማይግሬን» የሚል ካለ ቀጣዩ ሐኪምም ከማይግሬን ይጀምራል። ሁሉም ባለሙያዎች ናቸው፤ ሆኖም ከመነሻው እንደገና ያሰበ ላይኖር ይችላል። ከማንም ጋር ያልተነካካ ዓይን የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ታካሚውም ድርሻ አለው። የሚያፍርበትን ምልክት ከደበቀ፣ ከፋርማሲ ገዝቶ የዋጠውን መድኃኒት ካልተናገረ ሐኪሙ የሚያስበው በጎደለ መረጃ ላይ ነው።

«መሣሪያ አይሳሳትም»

ይህኛው በጣም የተስፋፋ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልየው። «ሐኪሙ ይሳሳት ይሆናል፣ ላቦራቶሪው ግን ቁጥር ነው፤ ቁጥር ደግሞ ቁጥር ነው» ይባላል። የትኛውም ምርመራ ግን ሁለት ዓይነት ስህተት ይሠራል። ያለውን «የለም» ይላል፣ የሌለውንም «አለ» ይላል።

ቁጥሩን አብረን እናስላ። ከ1000 ሰዎች አንዱን ብቻ የሚይዝ በሽታ አለ እንበል። ምርመራው የታመመውን ሰው አይስትም። ከ100 ጤነኞች ደግሞ 99ኙን በትክክል «ነፃ» ይላል። እጅግ ጥሩ ምርመራ ነው። አሁን 1000 ሰው እንመርምር። አንዱ በሽተኛ «አለበት» ይባላል። ከ999ኙ ጤነኞች ግን 10 ያህሉም በስህተት «አለባቸው» ይባላሉ። ስለዚህ አስደንጋጭ ወረቀት ይዘው ከሚወጡት 11 ሰዎች በእርግጥ የታመመው አንድ ብቻ ነው። ምንም ምልክት ሳይኖር ብርቅ በሽታ ሲገኝ በሌላ ዓይነት ምርመራ የሚረጋገጠው ለዚህ ነው።

በሌላ በኩል «ነፃ» የሚል ውጤትም ሁልጊዜ ዋስትና አይደለም። ሃርት አታክ ሲጠረጠር በደም ውስጥ ትሮፖኒን የተባለ ፕሮቲን ይለካል። ሕመሙ እንደጀመረ ከተለካ ገና ላይነሳ ይችላል፤ ስለዚህ ከተወሰኑ ሰዓታት በኋላ ይደገማል። የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግበው ኢሲጂም በመጀመሪያው ጊዜ ደህና ሊመስል ይችላል። የታይፎይዱ የዊዳል ምርመራም ችግር አለበት። ታይፎይድ በብዛት ባለበት አካባቢ የቀድሞ በሽታ ወይም ክትባት የተወው ምልክት ዛሬ ጤነኛ በሆነ ሰው ደም ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ሌሎች ኢንፌክሽኖችም ውጤቱን ሊያዛቡት ይችላሉ። በእሱ ብቻ ተመሥርቶ በየጊዜው አንቲባዮቲክ የሚወስድ ሰው የትኩሳቱ እውነተኛ ምክንያት ሌላ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ አለበት።

ባዮፕሲስ? ከሰውነት ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ ማየት የመጨረሻው ዳኛ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 115 ፓቶሎጂስቶች (ናሙናን በማይክሮስኮፕ አይተው በሽታን የሚለዩ ሐኪሞች) የጡት ናሙናዎችን እንዲያዩ አደረገ፤ ፍርዳቸውም ከባለሙያዎች ቡድን ውሳኔ ጋር ተነጻጸረ። ወደ ጎረቤት ሕብረ ሕዋስ የገባ ካንሰር ሲሆን 96 በመቶ ተስማሙ። ይህ የሚያጽናና ነው። ሴሎቹ ትንሽ የተለወጡ ግን ካንሰር ያልሆኑ ሲሆኑ ግን ስምምነቱ ወደ 48 በመቶ ወረደ። ናሙናው ያው ነው፤ የሚያየው ዓይን ግን ይለያያል። ራጅም፣ ሲቲ ስካንም፣ ኤምአርአይም የሚያነባቸው ሰው ይፈልጋሉ። በብዙ የአውሮፓ አገሮች የጡት ካንሰር ቅድመ ምርመራ ምስል በሁለት ባለሙያዎች ለየብቻ የሚነበበው ያለምክንያት አይደለም።

ስለዚህ ለሁለተኛ ሐኪም የውጤት ወረቀቱን ብቻ አይውሰዱ። ምስሉን ራሱን በሲዲ ይዘው ይሂዱ። ባዮፕሲ ከሆነም ናሙናው የተቀመጠበትን ስላይድ ተውሰው ሌላ ፓቶሎጂስት እንዲያየው ይጠይቁ። ወረቀቱን ብቻ ያየ ሰው የሚያነበው የመጀመሪያውን ሰው ሐሳብ ነው።

«ሌላ ሐኪም ማማከር የመጀመሪያውን መናቅ ነው»

ይህ ይሉኝታ ብዙ ሰው ይጎዳል። ሐኪሞች ራሳቸው በየዕለቱ እርስ በርስ ይማከራሉ። በካንሰር ሕክምና የቀዶ ሐኪሙ፣ የካንሰር ስፔሻሊስቱ፣ ምስል አንባቢውና ፓቶሎጂስቱ አንድ ላይ ተቀምጠው ስለ አንድ ታካሚ መወያየታቸው የተለመደ አሠራር ነው። የዓለም የሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1981 በሊዝበን ያጸደቀውና በኋላ ያሻሻለው የታካሚዎች መብት መግለጫም ታካሚ በማንኛውም ደረጃ የሌላ ሐኪም አስተያየት የመጠየቅ መብት እንዳለው ይናገራል። በጀርመን ደግሞ ለተወሰኑ የታቀዱ ቀዶ ሕክምናዎች ይህ በሕግ የተሰጠ መብት ነው።

አነጋገሩ ካስቸገረዎት ቀላል ነው። «ዶክተር፣ ውሳኔው ከባድ ስለሆነ ሌላ ሐኪም ባማክር ደስ ይለኛል። ውጤቶቼን ቢሰጡኝ?» ይበሉ። አብዛኛው ሐኪም ይተባበራል። የሚቆጣ ካለ ያም ስለ ሐኪሙ አንድ ነገር ይነግርዎታል።

«ያው ነገር ከተባልኩ ገንዘቤ ባከነ»

በአሜሪካ የማዮ ክሊኒክ ሐኪሞች ከሌላ ሐኪም የተላኩላቸውን 286 ታካሚዎች መዝገብ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱን አሳትመዋል። መጀመሪያ የተባለው ሙሉ በሙሉ የጸናላቸው 12 በመቶ ብቻ ነበሩ። 21 በመቶው ፍጹም የተለየ የበሽታ ስም ተሰጣቸው። የቀሩት 66 በመቶ ደግሞ የመጀመሪያው ሐሳብ ተሻሽሎ ወይም ጠርቶ ተመለሰላቸው። እነዚህ አስቸጋሪ ሆነው የተላኩ ሰዎች ናቸውና ቁጥሩን ለጉንፋንና ለራስ ምታት ሁሉ ማዋል ትክክል አይደለም። ለእኔ ትልቁ ነገር ሐሳቡ የተሻሻለላቸው ወይም የጠራላቸው 66 በመቶዎቹ ናቸው። ሁለተኛው ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው የመጀመሪያውን መሻር አይደለም፤ ማጥራት ነው። ያው ነገር የተባለም ሰው ቢሆን ወደ ከባድ ሕክምና የሚገባው ልቡ ተረጋግቶ ነው። ይህን ብክነት ማለት አልችልም።

«ሁለተኛው ካለ እሱ ነው ትክክሉ»

ሁለተኛው ሐኪም ኋላ ስለመጣ ብቻ አይበልጥም። ሁለቱ ከተለያዩ «የምወደውን የነገረኝን ልያዝ» ማለት ደግሞ አደገኛ ነው። ኦፕሬሽን አያስፈልግም ያለን ሐኪም ሁላችንም እንወዳለን። ይልቁንስ ለሁለቱም ይህን ይጠይቁ፦ «ይህ ነው ያሉት በየትኛው ምልክት ወይም ውጤት ተመሥርተው ነው? ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ያንንስ በምን ሰረዙት?» በምክንያት የሚመልሰውን ያዳምጡ። ልዩነቱ ካልጠበበ በዚያው በሽታ ላይ የሚሠራ ስፔሻሊስት ጋ መሄድ ይገባል። የሚወዱትን መልስ እስኪያገኙ አምስትና ስድስት ሐኪም መዞር ግን ሕክምናን ያዘገያል፤ ያው ምርመራም ይደጋገማል።

«ምንም ከመጀመሬ በፊት የግድ ሌላ ሐኪም»

አንዳንድ ሕመም ጊዜ አይሰጥም። ፊት ድንገት ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ ወይም ንግግር ከተወላገደ ስትሮክ (የአንጎል የደም ዝውውር መቋረጥ) ሊሆን ይችላል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ከባድ የደረት ሕመም፣ የማይቆም መድማት፣ አንገትን ከሚያደርቅ ሕመም ጋር የመጣ ከፍተኛ ትኩሳትም እንዲሁ ናቸው። እዚህ ላይ መጀመሪያ ሕክምናው ይቅደም።

ሁለተኛ ሐኪም የሚያስፈልገው ለማሰብ ጊዜ ሲኖር ነው። የታቀደ ትልቅ ኦፕሬሽን፣ ካንሰር፣ ብርቅ በሽታ፣ በተገቢው ጊዜ ያልሠራ ሕክምና፣ ወይም ወራት አልፈው ስም ያልተገኘለት ሕመም ሲሆን።

«ኢንተርኔቱ ሁለተኛ ሐኪሜ ነው»

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ምልክት ሲነገራቸው በሽታ የሚገምቱ 23 ፕሮግራሞችን ፈትኖ ነበር። ትክክለኛውን በሽታ ከግምቶቻቸው መጀመሪያ ላይ ያስቀመጡት ከቀረቡላቸው የሕመም ታሪኮች በ34 በመቶው ብቻ ነበር። ማንበብ ጥሩ ነው፤ ጥያቄ ለማዘጋጀት ይረዳል። ሆድዎን ዳስሶ፣ ልብዎን አዳምጦ የሚነግርዎት ግን የለም።

«ካልደወሉልኝ ውጤቱ ደህና ነው»

ይህ በጣም ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ለመከላከል ቀላል ነው። የላቦራቶሪ ወይም የምስል ውጤት ሐኪሙ እጅ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። ደርሶም ሳይታይ ሊቀር ይችላል። ናሙና ሲሰጡ ውጤቱ መቼ እንደሚወጣ፣ ማን እንደሚነግርዎት ይጠይቁ። ቀኑ ካለፈ ራስዎ ይደውሉ ወይም ይሂዱ። ኮፒውን ተቀብለው ከሌሎቹ ጋር በቀን ቅደም ተከተል በአንድ ፋይል ያስቀምጡት። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ስምና መጠን፣ ሕመሙ የጀመረበትን ቀንና የሚያባብሰውን ነገር በአንድ ወረቀት ጽፈው እዚያው ይጨምሩ። ሌላ ሐኪም ጋ የሚሄዱበት ቀን ቢመጣ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቅዎታል።