«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል»፦ የተረቱ ፍቺና የፀሐይ ቀለበት

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ገና ሳይለይ ነው። ያልሠራው ሥራ ለተለጠፈበት ሰው ማጽናኛ ይሆናል፤ ክርክር በርትቶ ማን ልክ እንደ ሆነ ሳይታወቅ ሲቀርም ይነገራል። ስለዚህ ብዙ ሰው «ታገሥ፣ ጊዜ ይፈታዋል» ብሎ ይፈታውና ያልፋል። እኔ ግን ይህ ፍቺ ጎዶሎ ነው እላለሁ። ቃላቱን ጠጋ ብሎ ለመረመራቸው ተረቱ ከትዕግሥት ይልቅ ስለ ማየት ይናገራል።

«እያደር» የሚለውን «ቀስ በቀስ» ብለን እንረዳዋለን፤ ሥሩ ግን «አደረ» ነው፣ ሌሊትን አሳለፈ ማለት። «ይጠራል» ደግሞ «ጠ» ላልቶ ይነበባል፤ ከጠበቀ በስም መጠራት ይሆንብናል። ደመናው የተገፈፈለት ሰማይ ይጠራል። የደፈረሰ ውኃም ሲያድር ጭቃው ይዘቅጥና ይጠራል፤ ሌላ ውኃ አልተጨመረበትም፣ ያው የማታው ውኃ ነው። የተረቱ መነሻ የሆነው ንጋትም እንደዚሁ ነው። ዶሮ ይጮኻል፣ ጎሕ ይቀዳል፣ ወገግ ይላል፤ በድንግዝግዝ ጅብ መስሎ ያስደነገጠው ነገር ጉቶ ሆኖ ይገኛል። ጉቶው ሌሊቱን ሙሉ እዚያው ነበር። የተለወጠው ብርሃኑ ነው።

ለዚህ ተረት ከፀሐይ ቀለበት የተሻለ ምስክር አላገኘሁም። ቅዳሜ ጥር 29 ቀን 2019 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2027) ጨረቃ በፀሐይ ፊት ታልፋለች፤ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ አትሸፍናትም፤ የፀሐይ ጠርዝ በዙሪያዋ እንደ ቀለበት እያበራ ይቀራል። ይህም ቀለበታዊ ግርዶሽ ይባላል። ቀለበቱ የሚታይበት መንገድ ከሰላማዊ ውቅያኖስ ተነሥቶ ቺሊንና አርጀንቲናን ያቋርጣል፤ ከዚያም አትላንቲክን ተሻግሮ በኮትዲቯር፣ በጋና፣ በቶጎና በቤኒን ጠረፍ አድርጎ ናይጄሪያ ይደርሳል። ቀለበቱ ረዘም ብሎ በሚቆይበት ቦታ፣ በአትላንቲክ ላይ፣ 7 ደቂቃ ከ51 ሰከንድ ይታያል።

«ግርዶሽ» ከ«ጋረደ» ጋር የአንድ ቤት ቃል ነው፤ መጋረጃም ከዚያው ነው። መጋረጃዋ ጨረቃ ናት፤ ጥያቄው መጋረጃው ይበቃል ወይ ነው። የፀሐይ ወርድ የጨረቃን 400 ጊዜ ያህል ይሆናል፤ ርቀቷም የዚያኑ ያህል እጥፍ ስለሆነ ከምድር ሲታዩ እኩል ይመስላሉ። ይመስላሉ እንጂ ሁልጊዜ እኩል አይደሉም። የጨረቃ መንገድ ፍጹም ክብ ስላልሆነ አንዳንዴ ወደ 357 ሺህ ኪሎ ሜትር ትቀርበናለች፣ አንዳንዴ ከ406 ሺህ በላይ ትርቀናለች። ርቃ ሳለች በፀሐይ ፊት ካለፈች ሾጣጣው ጥላዋ ምድር ሳይደርስ ጫፉ አየር ላይ ይቀራል፤ እኛም ከጫፉ ባሻገር ቆመን በጥቁሩ ክብ ዙሪያ የተረፈውን የፀሐይ ጠርዝ እናያለን። ምድር በጃንዋሪ መጀመሪያ ለፀሐይ በጣም ስለምትቀርብ፣ በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ፀሐይ ከአማካይ መጠኗ ትንሽ ሰፋ ብላ ትታያለች፤ ይህም ቀለበቱን ያወፍረዋል። በዚያ ቀን የጨረቃ ወርድ ከፀሐይ ወርድ 93 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በየወሩ ግርዶሽ የማናየው ደግሞ የጨረቃ መንገድ 5 ዲግሪ ያህል ስለሚያዘነብል ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከፀሐይ በላይ ወይም በታች ታልፋለች።

አሁን ይህ ሁሉ ግልጽ ነው። ነገር ግን በ2ኛው ክፍለ ዘመን የእስክንድርያው ቶለሚ፣ ከእርሱ በኋላ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የሰማይ ሊቃውንት መምህር ሆኖ የቆየው ሰው፣ ጨረቃ በጣም በራቀችበት ጊዜ እንኳን ከፀሐይ እኩል ትታያለች ብሎ ለካ። በእርሱ ልኬት ከሄድን ቀለበት ሊኖር አይችልም። ስሕተቱ ሁለት የማዕዘን ደቂቃ ያህል ነበር፤ ይህም የአንድ ዲግሪ 30ኛ እጅ ነው። በዚያው ክፍለ ዘመን ሶሲጌኔስ የተባለ ፈላስፋ ፀሐይ በጨረቃ ዙሪያ ተርፋ ስታበራ መታየቷን ቢናገርም የታላቁ ሰው ልኬት ገንኖ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1567 ክላቪየስ የተባለ የኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ማኅበር) አባልና የሰማይ ሊቅ ሮም ላይ በጨረቃ ዙሪያ ቀጭን ቀለበት አየ፤ ሊቃውንቱ ግን ያ የፀሐይ አካል ነው ወይስ በጨረቃ ዙሪያ የበራ ነገር ብለው ተከራከሩ። እዚህ ላይ ነው «እያደር» የሚለው ቃል ልቤን የሚነካው። ቀለበቱ በቶለሚ ዘመንም ይወጣ ነበር። የቀረው ዓይንና መለኪያ ነበር።

ሜይ 15 ቀን 1836 ፍራንሲስ ቤይሊ የተባለ እንግሊዛዊ ስኮትላንድ ውስጥ ቀለበታዊ ግርዶሽ ሲጠባበቅ፣ ቀለበቱ ሊገጥም ሲል ጠርዙ ተቆራርጦ እንደ ጨሌ በተርታ ሲያበራ አየ። የጨረቃ ጠርዝ ለስላሳ ስላልሆነ የፀሐይ ብርሃን በሸለቆዎቿ ሾልኮ ይወጣል፣ በተራሮቿ ይቆረጣል። ጨሌዎቹ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራሉ። ከ380 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ያለን ሸለቆ በዚህ መንገድ ማየት መቻሉ ያስደንቀኛል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ሙሉ ግርዶሽ ላይ ፀሐይ ጨርሳ ስትሸፈን ለጥቂት ደቂቃ በባዶ ዓይን ማየት ይቻላል፤ ቀለበታዊው ላይ ግን አንዲት ሰከንድ እንኳን አይቻልም። ጥር 29 ቀን ከፀሐይ ፊት 14 በመቶ ያህሉ ሳይሸፈን ይቀራል፤ ያ ደግሞ ዓይንን ለዘለቄታው ለመጉዳት ይበቃል። የተለመደው ጥቁር የፀሐይ መነጽር፣ የተጨሰ መስታወትም ሆነ የራጅ ፊልም አይከላከልም። ለግርዶሽ ተብሎ የተሠራ መነጽር ከሌለ ለፀሐይ ጀርባን ሰጥቶ ወንፊት ከፍ አድርጎ መያዝ ነው። ያን ጊዜ መሬት ላይ በሚያርፈው የወንፊቱ ጥላ ውስጥ እያንዳንዱ ቀዳዳ የየራሱን ፀሐይ ይስላል፤ መሐሉ ጥቁር፣ ዙሪያው ብርሃን የሆነ ትንሽ ቀለበት።