የስልሳዎቹ የእንግሊዝ ሮክ ዘፈኖች፦ የጓዳ ቀልዶቹና ፈቺዎቹ

በ1960ዎቹ የእንግሊዝ ሮክ ባንዶች ግጥማቸው ውስጥ ከጥቂት ሰው በቀር ለማንም የማይገባ ነገር ጣል ማድረግ ይወዱ ነበር። የጓደኛ ስም፣ የሰፈር ቃል፣ የልጅነት ተረብ፣ ስቱዲዮ ውስጥ የተጣለ ቀልድ። ባንዱና ጓደኞቹ ይስቃሉ። ሸክላውን የገዛው ሰው ደግሞ «ይቺ ነገር ምንድን ናት?» እያለ መርፌውን ደጋግሞ ይመልሳል። አንድ ሙሉ የአድናቂዎች ልማድ የተወለደው ከዚህ ጥያቄ ነው፤ ዛሬም ድረስ አልበረደም። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች፣ ወራትና ቀናት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ልማድ እወደዋለሁ። ሰው ለሦስት ደቂቃ ዘፈን ይህን ያህል ሲጨነቅ ማየት ደስ ይላል። ከተፈቱት እንቆቅልሾች ግን አንድ ነገር ደጋግሞ ይታያል። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽና ተራ ነው፤ ጋዜጣ፣ ሳንቲም፣ የሕፃን ሥዕል፣ በስህተት የተነበበ ቃል። ፈቺው መንገድ የሚስተው ከዚያ የገዘፈ ምሥጢር ሲያሳድድ ነው።

ከሳንቲሙ እንጀምር። ጆርጅ ሃሪሰን የጻፈው የቢትልስ «ታክስማን» በ1966 ነው የወጣው። ግብር ሰብሳቢው ሒሳቡን ሲያካፍል አንድ ላንተ፣ አሥራ ዘጠኝ ለኔ ይላል። ቁጥሩ ከየት መጣ? ያኔ አንድ ፓውንድ 20 ሽልንግ ነበር። በጣም ሀብታም የሆኑ ሰዎች ደግሞ ከላይኛው ገቢያቸው ላይ 95 በመቶ ይገብሩ ነበር። ከ20 ሽልንግ 19ኙ ወደ መንግሥት ካዝና ይገባል ማለት ነው። በ1966 ለነበረ እንግሊዛዊ ይህ ምንም ማብራሪያ አያስፈልገውም። በ1971 አገሪቱ የገንዘብ አቆጣጠሯን ቀየረች፤ ሽልንግም ቀረ። ከዚያ በኋላ ለተወለደ አድማጭ መስመሩ እንቆቅልሽ ሆነ። እዚያው ዘፈን ውስጥ የሚጠሩት ሁለት ሰዎች ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሃሮልድ ዊልሰንና የተቃዋሚው መሪ ኤድዋርድ ሂዝ ናቸው። ሃሪሰን ሁለቱንም ፓርቲ እኩል ነው የወረፈው።

የሰፈር ቃልም እንዲሁ ነው። በ1967 የወጣው የቢትልስ «ፔኒ ሌን» የባንዱ አገር ሊቨርፑል ውስጥ ስላለ አንድ መንገድ ይዘፍናል። «ፎር ኦፍ ፊሽ» የሚለው የአራት ፔኒ የአሳ ጥብስና ድንች ማለት ነው። ቀጥሎ የሚመጣው «ፊንገር ፓይ» ግን ምግብ ይመስላል እንጂ አይደለም። የሊቨርፑል ጎረምሶች እርስ በርሳቸው የሚባባሉት የብልግና ቃል ነው። ፖል ማካርትኒ ለአገሩ ልጆች መሳቂያ ይሁን ብሎ እንዳስገባው ተናግሯል። ቃሉ የዓለም ሬዲዮ ላይ ሲዘፈን የሳቀው አንድ ከተማ ብቻ ነበር።

ዘ ኪንክስ ደግሞ ከዚህም ይብሳሉ። በ1968 ስለ መንደር ሜዳ ጥበቃ ማኅበር የሠሩት አልበም መክፈቻ ዘፈን የእንግሊዝ ልጅነት መዝገብ ነው ማለት ይቻላል። ዴስፐሬት ዳን የልጆች የሥዕል መጽሔት ላይ የነበረ ጉልበተኛ ነው። ሚስስ ሞፕ በጦርነቱ ዘመን የቢቢሲ ሬዲዮ ቀልድ ላይ የነበረች ጽዳት ሠራተኛ ናት። ኦልድ ማዘር ራይሊ ወንድ ተዋናይ የሚጫወታት አሮጊት ነበረች። ለአሜሪካ አድማጭ ይህ ሁሉ ባዶ ድምፅ ነበር። አልበሙ የቢትልስ ነጩ አልበም እንግሊዝ ውስጥ በወጣበት ቀን ነው የወጣው፤ ኅዳር 22 ቀን 1968። በዚያ ቀን ማን እንደተደመጠና ማን እንደተረሳ መናገር አያስፈልግም።

ፈቺዎቹን ሆን ብሎ ያሳበደው ግን የቢትልሱ ጆን ሌነን ነው። በ1967 እሱ ከተማረበት ከኳሪ ባንክ ትምህርት ቤት የአንድ ተማሪ ደብዳቤ ደረሰው። መምህራችን የቢትልስን ግጥም ክፍል ውስጥ ያስተነትነናል ይላል። ሌነን በዚያ ትምህርት ቤት አስቸጋሪ ተማሪ ነበር፤ አሁን እሱን እያስጠኑበት ነው። ነገሩ አሳቀው። እስቲ ይህን ይፍቱት ብሎ «አይ አም ዘ ዋልረስ»ን የሚያደናግሩ መስመሮች ሞላበት። አብሮ አደጉ ፒት ሾተንን ልጅ እያለን ስለ መግልና ስለ ሞተ ውሻ ዓይን የምንላት ግጥም እንዴት ነበረች ብሎ ጠየቀው። ያቺ የልጆች ግጥም ተለዋውጣ ዘፈኑ ውስጥ ገባች። መጨረሻው ላይ የሚሰማው ንግግር ደግሞ ድምፁ ሲቀላቀል ቢቢሲ ያስተላልፍ የነበረው የሼክስፒር «ኪንግ ሊር» ነው። ሬዲዮው ተከፈተ፣ የመጣው ተቀላቀለ፣ በቃ።

አድናቂዎች ግን እጅ አልሰጡም፤ አንዳንዱንም በደንብ ይዘውታል። «ኤግማን» የተባለው ሰው የዘ አኒማልስ ዘፋኝ ኤሪክ በርደን ነው ይባላል። በርደን ራሱም እኔ ነኝ ብሏል። «ሰሞሊና ፒልቻርድ» ላይ ደግሞ ብዙዎች የሚያነሡት ስም ኖርማን ፒልቸር ነው። የለንደን የአደንዛዥ ዕፅ ፖሊስ ነበር። ዘፋኙን ዶኖቫንን፣ የሮሊንግ ስቶንሱን ብራያን ጆንስን፣ ቆይቶም ሌነንንና ሃሪሰንን ያሰረ ሰው ነው። በ1973 እሱ ራሱ ፍትሕ በማዛባት ተፈርዶበት ወኅኒ ወረደ። ግምቱ ትክክል ከሆነ ሌነን የሰደበው ገና ራሱ እጁ ላይ ሳይወድቅ ነው። ዋልረሱ የመጣው ከሉዊስ ካሮል የልጆች ግጥም ነው። ሌነን በኋላ ግጥሙን መለስ ብሎ ሲያነብ ዋልረሱ ክፉው ገጸ ባሕሪ ሆኖ አገኘው፤ ይህን ስዘፍን አላስተዋልኩም ነበር ብሏል።

በዓመቱ ሌነን ቀልዱን ደገመው። «ግላስ አንየን» የሚባለው ዘፈን ስለ ፈቺዎቹ ራሳቸው ነው። የድሮ ዘፈኖቹን አንድ በአንድ እየጠራ ሌላ ፍንጭ ልስጣችሁ ይላል፤ ከዚያ ዋልረሱ ፖል ነው ብሎ ይጥላል። ወርቅ ለለመደ ሰው ሰሙን ብቻ ሰጠው።

ያች መስመር ግን ያልታሰበ ቦታ ደረሰች። በ1969 መከር አሜሪካ ውስጥ ፖል ማካርትኒ ሞቷል የሚል ወሬ ተነሣ። በመስከረም አንድ የአዮዋ የተማሪዎች ጋዜጣ ስለ ወሬው ጻፈ። በጥቅምት አንድ አድማጭ የዲትሮይት ሬዲዮ ጣቢያ ላይ ደውሎ ለዲጄው ለረስ ጊብ ነገሩን አጫወተው። ከሁለት ቀን በኋላ ፍሬድ ላቡር የሚባል የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለ «አቢ ሮድ» አልበም ሲጽፍ ፍንጮችን ደረደረ። ብዙዎቹን ከራሱ ነው የፈጠራቸው። ሟቹን ተክቷል የተባለውን ሰው ስም ሳይቀር እሱ ነው ያወጣው። አገሩ ሁሉ ግን አመነው። በአልበሙ ሽፋን ላይ ፖል ባዶ እግሩን ነው፤ ስለዚህ ሬሳ ነው። የቆመችው ቮልስዋገን ታርጋ 28 ይላል፤ በሕይወት ቢኖር 28 ዓመቱ ነበር። እውነቱ ግን ያኔ ፖል 27 ዓመቱ ነበር። ሰዉ ይህንንም የሚያብራራበት ዘዴ አላጣም። ሸክላ ወደ ኋላ እያዞሩ የሚያዳምጡም ነበሩ። እኔ ይህን ክፍል ውሃ ወቀጣ ነው የምለው፤ ጆሮ ከፈለገ የማይሰማው ነገር የለም። የ«ላይፍ» መጽሔት ጋዜጠኞች በመጨረሻ ስኮትላንድ ያለው እርሻው ድረስ ሄደው ፖልን ከነቤተሰቡ አገኙት። በኅዳር ወር ፎቶው ሽፋን ላይ ወጣ።

እዚህ ድረስ ጨዋታ ነው። አሜሪካ ውስጥ ተከታዮች ያፈራው ወንጀለኛ ቻርልስ ማንሰን ግን ነጩን አልበም ለራሱ የተላከ የጦርነት ትንቢት አድርጎ አነበበው። ከአልበሙ ዘፈኖች የአንዱ ርዕስ «ሄልተር ስኬልተር» እንግሊዝ ውስጥ ጠመዝማዛ የልጆች ሸርተቴ ነው። ባዛር ላይ ይተከላል፤ ልጆች ከላይ ይንሸራተታሉ። እሱ ግን የዘር ጦርነት ስም አደረገው። ነሐሴ 1969 ተከታዮቹ ሰው ገደሉ፤ ቃሉንም በደም ጻፉት። የፈቺነት ታሪክ ሲጻፍ ይህ መዘለል የለበትም።

እኛን ወደሚነካው ዘፈን እንምጣ። «ሉሲ ኢን ዘ ስካይ ዊዝ ዳይመንድስ» በ1967 ሲወጣ አድናቂዎች የርዕሱን ፊደላት ቆጥረው ኤል ኤስ ዲ ነው አሉ። ያ ዘመን የዚያ አደንዛዥ ዕፅ ዘመን ነበርና ጥርጣሬው አይፈረድበትም። የሌነን መልስ ግን እስከ ሞቱ አልተለወጠም። ትንሹ ልጁ ጁልያን ከሕፃናት ትምህርት ቤት ሥዕል ይዞ መጣ። ምንድን ነው ሲለው ሉሲ ናት አለ፤ የክፍል ጓደኛው። ኅዳር 1974 የቅሪተ አካል ተመራማሪው የዶናልድ ጆሃንሰን ቡድን አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው አጽም አገኘ። በዚያ ምሽት ሠፈሩ ውስጥ ይህ ዘፈን ደጋግሞ ይጫወት ነበር። አጽሟም ሉሲ ተባለች። የኛዋ ድንቅነሽ በዓለም የምትታወቅበት ስም የመጣው ከአንድ ሕፃን ሥዕል ነው። በብሔራዊ ሙዚየም ፊቷ ቆሞ ይህን ማሰብ እንዴት ደስ እንደሚል!

ቢቢሲም ከፈቺዎቹ አንዱ ነበር፤ ያውም የመከልከል ሥልጣን ያለው። በ1967 «ኤ ደይ ኢን ዘ ላይፍ»ን አደንዛዥ ዕፅ ያበረታታል ብሎ ከለከለ። በዘፈኑ ውስጥ ያሉትን የብላክበርን 4,000 ጉድጓዶች አንዳንድ አድማጮች የመርፌ ቀዳዳ ናቸው ብለው ነበር። ሌነን ግን ያገኛቸው ጋዜጣ ላይ ነው። ጥር 17 ቀን 1967 «ዴይሊ ሜይል» ብላክበርን ከተማ መንገዶቿ ላይ 4,000 ጉድጓድ እንዳለ ዘገበ። «ሚስተር ካይት» ላይ ያለው ሄንሪ የተባለ ፈረስም ሄሮይን ነው ተብሎ ተጠረጠረ። ያ ዘፈን ደግሞ ሌነን ሰቨኖክስ ከተማ ከአሮጌ ዕቃ ሱቅ ከገዛው የ1843 የሰርከስ ማስታወቂያ የተቀዳ ነው። ማስታወቂያው ላይ የፈረሱ ስም ዛንተስ ይላል። ያን ወረቀት ተከትለው የሄዱ አድናቂዎች ፓብሎ ፋንክን አገኙ፤ በእንግሊዝ የመጀመሪያው ጥቁር የሰርከስ ባለቤት። እንዲህ ያለ ፍለጋ ነው የሚያስደስተኝ። ሰው ዕፅ ፍለጋ ወጥቶ ታሪክ ይዞ ይመለሳል።

ስሞች ራሳቸውን የቻሉ ዘርፍ ናቸው። የሮሊንግ ስቶንስ የመጀመሪያ ሸክላዎች ላይ ናንከር ፌልጅ የሚባል ደራሲ አለ። እንዲህ ያለ ሰው የለም። ናንከር ብራያን ጆንስ ፊቱን አጨማድዶ የሚያሳየው አስቀያሚ ገጽታ ነው። ፌልጅ ደግሞ ለንደን ኤዲዝ ግሮቭ በሚባለው መንገድ ላይ አብሯቸው ይኖር የነበረ ልጅ ነው። ክሪም የሚባለው ባንድ በ1969 ባወጣው «ባጅ» ላይ ጊታር የተጫወተው ላንጄሎ ሚስቴሪዮሶ ጆርጅ ሃሪሰን ነው። ስሙን የደበቀው በውል ምክንያት ነው። በርዕሱ ላይ ብዙ ተብሏል፤ የጊታር ኖታ ፊደላት ናቸው ያሉም አሉ። የሆነው ግን ሃሪሰን ወረቀት ላይ «ብሪጅ» ብሎ ይጽፋል፤ የዘፈን መሸጋገሪያ ማለቱ ነው። ፊት ለፊቱ የተቀመጠው የክሪም ጊታሪስት ኤሪክ ክላፕተን ገልብጦ «ባጅ» ብሎ አነበበው። ዘ ሁ የሚባለው ባንድ «ሃፒ ጃክ» ሲያልቅ «አየሁህ!» የሚል ጩኸት ይሰማል። የባንዱ ጊታሪስት ፒት ታውንሸንድ ነው። ድራመሩን ኪት ሙንን፣ ከድምፅ ቀረጻው አስወጥተውት፣ ሊያስቃቸው ሲሾልክ ያዘው።

ብዙው እንቆቅልሽ የተፈታው በትዕግሥት ነው። በ1988 ማርክ ሉዊሰን የቢትልስን የስቱዲዮ ካሴቶች አዳምጦ የቀረጻ ታሪካቸውን ቀን በቀን አሳተመ። በ1996 «አንቶሎጂ 2» ሲወጣ የ«ስትሮቤሪ ፊልድስ ፎሬቨር» ጥሬ ቀረጻ ተሰማ። ለሃያ ሰባት ዓመት ፖልን ቀበርኩት ይላል ሲባል የኖረው ድምፅ ክራንቤሪ ሶስ ሆኖ ተገኘ፤ ሌነንም ያንኑ ሲል ነበር።

ደራሲዎቹ ራሳቸው የማይስማሙበትም አለ። «ኤ ደይ ኢን ዘ ላይፍ» ላይ በመኪና አደጋ የሚሞተው ሰው ለሌነን በታኅሣሥ 1966 የሞተው የጊነስ ወራሽ ታራ ብራውን ነው። ማካርትኒ ግን እኔ ያሰብኩት ሌላ ሰው ነው ይላል። የኪንክስ «ዋተርሉ ሰንሴት» ላይ ያሉት ቴሪና ጁሊ ተዋናዮቹ ቴረንስ ስታምፕና ጁሊ ክሪስቲ ናቸው ተብሎ ለዓመታት ተጽፏል። የዘፈኑ ደራሲ ሬይ ዴቪስ ደግሞ ስለ እህቴና ስለ ፍቅረኛዋ ነው ብሏል። ከሁሉ የሚከብደው የስሞል ፌስስ «ኢቺኩ ፓርክ» ነው። ፓርኩ በምሥራቅ ለንደን የትኛው እንደሆነ ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ ሁለት መናፈሻዎች የየራሳቸው ደጋፊ አላቸው። የሸክላ ድርጅታቸው መሥራች ቶኒ ካልደር በኋላ እንደተናገረው ግን የሰፈር ሜዳ ነው የሚለው ታሪክ ቢቢሲ ዘፈኑ ላይ የጣለውን እገዳ እንዲያነሣ የተወራ ነበር። ግጥሙን የጻፉት ስቲቭ ማርዮት በ1991፣ ሮኒ ሌን በ1997 ሞተዋል። ክርክሩ ግን አሁንም እንደቀጠለ ነው።