ስቶል ከረንት ምንድን ነው? የሮቦት ክንድ ፓወር ሰፕላይ ለምን ያንሳል?

«አንዱ ሰርቮ 500 ሚሊአምፒር ነው የሚበላው፤ ስድስት ናቸው፤ ስለዚህ 3 አምፒር ይበቃል።» ይህ ምክር የሮቦት ክንድ በሚሠሩ ሰዎች ዘንድ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ይኖራል። (ሰርቮ የክንዱን መገጣጠሚያ ወደታዘዘበት ቦታ የሚያዞር ባለ ጊር ሞተር ነው።) ማባዛቱ ልክ ነው። ጥፋቱ የሚባዛው ቁጥር ላይ ነው፤ 500 ሚሊአምፒር ሰርቮው ቀለል ያለ ነገር ይዞ ሲዞር የሚስበው ነው። ለክንዱ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ፓወር ሰፕላይ ግን የሚመረጠው በስቶል ከረንት ነው።

ስቶል ከረንት ሞተሩ ሙሉ ቮልቴጅ እየደረሰው ዘንጉ ሳይዞር ሲቀር የሚስበው ከረንት ነው። የሚዞር ሞተር የሚመጣለትን ቮልቴጅ የሚቃወም ቮልቴጅ ራሱ ያመነጫል፤ ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ከረንቱ ይወርዳል። ሲቆም ግን የሚገታው የሽቦው ጥቅል ሬዚስታንስ ብቻ ነው። በብዛት የሚገኘው የሰርቮ ሞዴል ኤምጂ996አር (MG996R) ስቶል ሲያደርግ በ6 ቮልት ወደ 2.5 አምፒር ይስባል።

«የኔ ክንድ የትም አይነክስም (ተይዞ አይቀርም)፤ ስቶል አያደርግም» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። ወንድሜ፣ ከቆመበት የሚነሣ ሞተር ሁሉ በዚያች ቅጽበት የቆመ ሞተር ነው! እያንዳንዱ መነሣት ለጥቂት ሚሊሰከንዶች የስቶል ከረንት ይጠይቃል። «በመልቲሜትር ለክቼ 0.6 አምፒር አገኘሁ» ማለትም ማስረጃ አይሆንም። መልቲሜትር አማካዩን ነው የሚያሳየው፤ ያቺን ሹል ጫፍ ለማየት 0.1 ኦም ሬዚስተር በመስመሩ አስገብቶ በላዩ ላይ ያለውን ቮልቴጅ በየቅጽበቱ በሚስለው መሣሪያ በኦሲሎስኮፕ ማየት ያስፈልጋል።

የተጫነ ጋሪ አስቡ። ከቆመበት ለማስነሣት ጉልበት ሁሉ ይሟጠጣል፤ መንከባለል ከጀመረ በኋላ ይቀላል። አቀበት ላይ እንዳይንሸራተት ደግፎ የያዘ ሰው ደግሞ አንድ እርምጃ ሳይራመድ ያልበዋል፤ ክንዱን ዘርግቶ ዕቃ የያዘ ሰርቮም እንዲሁ ነው። ስድስት ጋሪ ባንድ ፊሽካ ይነሣ ከተባለ ደግሞ ገፊ ያንሳል። 3 አምፒር ብቻ ባለው ሰፕላይ ላይ የሚሆነው ይኸው ነው፤ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ መቆጣጠሪያው ቦርድ ሪሴት ያደርጋል (ጠፍቶ ይነሣል)፣ እንደገና ሲነሣ ሰርቮዎቹን ሁሉ ባንድ ጊዜ ያዛል፣ ቮልቴጁ ዳግም ይወርዳል። ክንዱ ይንቀጠቀጣል፣ ጥፋቱ በኮዱ ይላከካል። ኮዱ የሚረዳው አንድ ነገር አለ፦ ሰርቮዎቹን ባንዴ ሳይሆን 100 ሚሊሰከንድ ያህል እያፈራረቁ ማስነሣት።

ተቃራኒው ፍርሃትም አለ፤ «10 አምፒር ሰርቮውን ያቃጥለዋል» የሚል። አያቃጥልም። ሃያ ገፊ ዳር ስለቆመ ጋሪ አይሰበርም። ሰርቮው የሚያስፈልገውን ብቻ ይስባል፤ የሚያቃጥለው ቮልቴጅ ነው። ኤምጂ996አር እስከ 7.2 ቮልት ነው የተፈቀደለት፤ ባለ ሁለት ሴል ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ ሙሉ ቻርጅ ሲሆን 8.4 ቮልት ይሰጣል። (ትልቅ ሰፕላይ ሲሆን ግን ፊውዝ ግዴታ ነው። ፊውዙ ገመዱን ከሾርት ያድናል እንጂ የነከሰን ሰርቮ አያድንም፤ ስቶሉ ከፊውዙ ልክ በታች ነውና።)

ስለዚህ ትከሻ፣ ክርንና መሠረቱ ላይ ኤምጂ996አር ካለ 3 ሲባዛ በ2.5፣ 7.5 አምፒር። አንጓና መቆንጠጫው ላይ ሦስት ትንንሽ ሰርቮ እያንዳንዳቸው እስከ 0.8 አምፒር ቢወስዱ 2.4 አምፒር። ድምሩ 9.9 ነው፤ 6 ቮልት 10 አምፒር ሰፕላይ ጠርዝ ላይ ነው፣ 12 አምፒር ቢሆን ይመረጣል። በርካሽ ቅጂዎች ላይ ወረቀቱ የሚለው አይታመንም፤ አንዱን ሰርቮ አስሮ ለአንድ ሰከንድ ብቻ እየገፋ መለካት ይሻላል። ከዚያ በላይ ከቆየ ጊሩ ወይም ሞተሩ ይሄዳል።

ሰፕላዩ ልክ ሆኖም ገመዱ ሊያበላሸው ይችላል። 0.33 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ ቀጭን ሽቦ በሜትር 0.053 ኦም አለው። አንድ ሜትር መሄጃ፣ አንድ ሜትር መመለሻ፣ 10 አምፒር፤ 1 ቮልት መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። ዋናው መስመር 1.5 ካሬ ይሁን፤ ኪሳራው ወደ ሩብ ቮልት ይወርዳል። በብሬድቦርድ (ሽቦ የሚሰካበት የሙከራ ሰሌዳ) የሰርቮ ኃይል አይተላለፍም፣ ከቦርዱ 5 ቮልት ፒንም አይወሰድም። የሰርቮው ሰፕላይና የቦርዱ ግራውንድ (የኔጌቲቭ መስመር) ግን መገናኘት አለባቸው፤ ካልተገናኙ ሲግናሉ መነሻ የለውም።

«1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ግጠምበት፣ አለቀ» ለሚሉም ስሌቱ ይኸው (ካፓሲተር ቻርጅ አጠራቅሞ በቅጽበት የሚለቅ ክፍል ነው)። 10 አምፒር ቢጎድል ቮልቴጁ በ0.1 ሚሊሰከንድ 1 ቮልት ይወርዳል። ሞተር ለመነሣት ከዚያ ብዙ እጥፍ ጊዜ ይፈልጋል። ካፓሲተሩ ጥሩ ነው፣ ይግባ፤ የደከመ ሰፕላይን ግን አይተካም።

የሰርቮው ምርጫም ከዚሁ ጋር ነው የሚያያዘው። 200 ግራም ዕቃ በ25 ሴንቲሜትር ርቀት 5 ኪሎግራም-ሴንቲሜትር ቶርክ (የማዞር ጉልበት) ይጠይቃል። የክንዱ የራሱ ክብደት 300 ግራም ሆኖ ማዕከሉ 12 ሴንቲሜትር ላይ ከሆነ 3.6 ይጨመራል፤ ድምር 8.6። የኤምጂ996አር ማሸጊያ 11 ስለሚል «ይበቃል» ይባላል። ያ 11 ግን የስቶል ቶርክ ነው፤ ሞተሩ ሊንቀሳቀስ ሲያቅተው የሚሰጠው። 8.6 ይዞ ሲቆም ሞተሩ ውስጥ ወደ 2 አምፒር ያልፋል፤ በሽቦው ጥቅል 2.4 ኦም (6 ቮልት ሲካፈል ለ2.5 አምፒር) ላይ 9 ዋት ያህል ሙቀት፣ ያውም በጠባብ ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ። የጊሩ ሰበቃ ትንሽ ያግዛል፣ ስለዚህ ትክክለኛው ቁጥር ያንሳል፤ ለረጅም ጊዜ ለመያዝ ግን ከስቶል ቶርኩ ሢሶ ባይበልጥ ይሻላል። ትከሻው ላይ ክብደቱን የሚመልስ ስፕሪንግ ማሰር ከሁሉ ርካሹ መፍትሔ ነው። ባለ 20 ወይም ባለ 25 ኪሎግራም-ሴንቲሜትር ሰርቮ ከተመረጠ ደግሞ ስቶል ከረንቱም ከፍ ስለሚል ከላይ ያለው 9.9 እንደገና ይደመር።