ኤዲቢ ምንድን ነው? ቻርጅ የሚያደርገውን ስልክ ላፕቶፑ የማያየውስ ለምንድን ነው?

ኤዲቢ ኮምፒውተርና የአንድሮይድ ስልክ የሚነጋገሩበት ፕሮግራም ነው። በአንድሮይድ ስቱዲዮም ይሁን በፍላተር የሠራነው አፕ ለሙከራ ስልክ ላይ የሚጫነው በእሱ በኩል ነው። ሦስት ክፍሎች አሉት፦ ትእዛዝ የሚቀበለው ክላየንት፣ ኮምፒውተሩ ላይ በፖርት (ፕሮግራሞች በሚገናኙበት ባለቁጥር በር) 5037 የሚጠብቀው ሰርቨር፣ ስልኩ ውስጥ ከጀርባ የሚሠራው ዴሞን።

ጎንደር ላይ የመመረቂያ ፕሮጀክት የያዘ ተማሪ ስልኩ አልታይ ሲለው አንድሮይድ ስቱዲዮን አጥፍቶ እንደገና ለማውረድ ይነሳል። በጊጋባይት የሚቆጠር ፋይል ነውና ለፓኬጅ የሚወጣው ብር ያሳዝናል። መጀመሪያ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ «ኤዲቢ ዲቫይስስ» ብሎ መልሱን ማንበብ ነው። ችግሩ የት እንዳለ እዚያው ላይ ተጽፏል።

ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ገመዱን ጠርጥሩ። ተራ የዩኤስቢ 2.0 ገመድ አራት ሽቦ አለው፤ ሁለቱ ለኃይል፣ ሁለቱ ለመረጃ። ፒያሳ መንገድ ዳር በርካሽ ከሚገዙት መካከል የመረጃዎቹ ሽቦዎች ጭራሽ የሌሉባቸው ያጋጥማሉ፤ ስልኩ ቻርጅ ያደርጋል፣ ላፕቶፑ ግን ምንም አያይም። በዚያው ገመድ ፎቶ ወደ ላፕቶፕ መገልበጥ ከተቻለ ገመዱ ከደሙ ንጹሕ ነው። ቀጥሎ የስልኩ ሴቲንግ ይታያል፦ «ቢልድ ነምበር» የሚለውን 7 ጊዜ ነክቶ ዴቨሎፐር ኦፕሽንስን መክፈት፣ ከዚያ ዩኤስቢ ዲበጊንግን ማብራት። ዊንዶውስ ላይ የስልኩ አምራች ድራይቨርም ሊያስፈልግ ይችላል። ማክ ግን አይጠይቅም።

መልሱ «አንኦተራይዝድ» ካለ ስልኩ ፈቃድ እየጠበቀ ነው። ከአንድሮይድ 4.2.2 ጀምሮ ስልኩ ኮምፒውተሩን በቁልፍ ይለየዋል፤ ጥያቄው ስክሪኑ ላይ ስለሚመጣ ስልኩ ከተቆለፈ አይታይም። ከፍቶ መፍቀድ ነው። ካልመጣ የቀድሞ ፈቃዶችን ሰርዞ ገመዱን ነቅሎ መሰካት። በሰው ላፕቶፕ ላይ «ሁልጊዜ ፍቀድ» የሚለውን ባትነኩት ይሻላል፤ ያ ኮምፒውተር ከዚያ በኋላ ሳይጠይቅ አፕ ሊጭንባችሁና ፋይል ሊወስድ ይችላል።

«ኦፍላይን» ሲል «ኤዲቢ ኪል-ሰርቨር» ብሎ እንደገና ማስነሳት ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

ገመድ ለሰለቸው ከአንድሮይድ 11 ወዲህ በኮድ ተጣምሮ በዋይፋይ መሥራት ይቻላል። ሁለቱም አንድ ኔትወርክ ላይ መሆን አለባቸው። የካፌ ዋይፋይ ግን አንዳንዴ ደንበኞች እርስ በርስ እንዳይገናኙ ተደርጎ ስለሚዘጋጅ ኢንተርኔቱ እየሠራ ኤዲቢ እምቢ ይላል። እንዲህ ሲሆን፣ ወይም መብራት ጠፍቶ ራውተሩ ሲዘጋ፣ የጓደኛን ስልክ ሆትስፖት አስከፍቶ ላፕቶፑንም የሙከራ ስልኩንም እዚያ ላይ ማገናኘት ነው። በሁለቱ መካከል የሚመላለሰው የኤዲቢ መረጃ ወደ ኢንተርኔት ስለማይወጣ የጓደኛን ፓኬጅ አይበላም።

ከሁሉም የሚያደናግረው ግንኙነቱ ደህና ሆኖ፣ አፑም ተከፍቶ፣ ላፕቶፑ ላይ ያለውን የራሱን ሰርቨር (የኤዲቢውን አይደለም) ማግኘት ሲያቅተው ነው። ኮዱ ውስጥ «ሎካልሆስት» ብለን ከጻፍን ስልኩ የሚፈልገው ራሱን ነው፤ ላፕቶፑን አይደለም። ኢሙሌተር (ላፕቶፑ ውስጥ የሚከፈት የስልክ አምሳያ) ላይ ከሆነ አድራሻው 10.0.2.2 ይሆናል። በገመድ ለተገናኘ ስልክ ደግሞ «ኤዲቢ ሪቨርስ» የስልኩን ፖርት ወደ ላፕቶፑ ፖርት ያዞረዋል። ገመዱ በተነቀለ ቁጥር ግን ትእዛዙን እንደገና መስጠት ያስፈልጋል።