ፋቲ ሊቨር ምንድን ነው? ስቡስ ከየት መጣ?

«ጉበትህ ስብ ከያዘ ስብ ተው።» ይህን ምክር ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እንጃ። አንዱማ ጭራሽ «የበላኸው ቅቤ ሄዶ ጉበትህ ላይ ይለጠፋል» አለ። ወንድሜ፣ ጉበት መጥበሻ አይደለም!

ፋቲ ሊቨር ማለት ጉበት ውስጥ ስብ ሲጠራቀም ነው፤ ስቡ የሚጠራቀመውም የጉበቱ ሴሎች ውስጥ ነው። ሥራዬ የጉበት ናሙና በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። የሚታየኝ ግን ስብ ሳይሆን ጥርት ያለ ነጭ ክብ ቀዳዳ ነው። ናሙናው ሲዘጋጅ ኬሚካሉ ስቡን አሟሙቶ ይወስደዋል፤ የሚቀረው ቦታው ነው። ቀዳዳው ቢያንስ 5 በመቶ በሚሆኑት ሴሎች ውስጥ ከታየ ፋቲ ሊቨር እንላለን።

ታዲያ ከየት መጣ? ሆድ አካባቢና ከቆዳ ሥር ያለውን ስብ እንደ መጋዘን ውሰዱት። ዘበኛው ኢንሱሊን የሚባለው ሆርሞን ነው፤ በሩን ዘግቶ ይጠብቃል። ሰውነት ኢንሱሊንን መስማት ሲያቆም ዘበኛው ቢጮህ ሰሚ የለውም። ስቡ በደም ተጭኖ ይወጣና ጉበት ደጃፍ ይራገፋል። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ ጥናት ከፋቲ ሊቨር ታካሚዎች የጉበት ስብ 59 በመቶው በደም የመጣ ነበር፤ ዋናው ምንጩም ይኸው መጋዘን ነው። 26 በመቶውን ጉበት ራሱ የሠራው ነው፣ በተለይ ከስኳርና ከስታርች። በቀጥታ ከተበላ ስብ የመጣው 15 በመቶ ብቻ። ሰዎቹ 9 ብቻ ስለነበሩ ቁጥሩን እንደ ሕግ አትያዙት።

«እንግዲያው ቅቤ ነፃ ወጣ» የሚል አይጠፋም። አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ሌላ ጥናት ሰዎች ለ3 ሳምንት በየቀኑ 1,000 ኪሎ ካሎሪ ትርፍ በሉ። ትርፉ በአብዛኛው ሳቹሬትድ ስብ፣ ማለትም ቅቤ፣ አይብና የኮኮናት ዘይት የሆነባቸው ሰዎች የጉበት ስብ በ55 በመቶ ጨመረ። ስኳር የበሉት በ33፣ እንደ ወይራ ዘይትና ለውዝ ያለውን ስብ የበሉት በ15። ሳቹሬትዱ የመጋዘኑን በር በርግዶታል፤ የወይራው ዓይነት ግን ገርበብ አድርጎታል።

ልብ በሉ፣ 15ም ጭማሪ ነው። ቅቤውን ትቶ «ከስብ ነፃ» የሚል ጣፋጭ እርጎ የሚያጋብስ ሰውም ጉበቱን ሥራ አላስፈታውም፤ ስኳሩን ይዞ ስብ ይሠራል።